የገዛሁትን ጌም ኮፒ ባደርግ ማን ይከሰኛል?

በፕሌስቴሽን ቱ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ልጅ «ቺፕ ገብቶለታል?» የምትለዋን ጥያቄ ሳያውቃት አይቀርም። ከውጭ ዘመድ ማሽኑን የላከለት ሰው ሳጥኑን አቅፎ ወደ ጠጋኝ ቤት የሚሮጠው ተበላሽቶበት አይደለም፤ ቺፕ ሊያስገባለት ነው። ቺፕ የሌለው ፕሌስቴሽን ኦሪጅናል ዲስክ ካልሆነ አያነብም፤ ኦሪጅናል ዲስክ ደግሞ በሰፈራችን አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑ ቺፕ እስኪገባለት ድረስ ከቴሌቪዥኑ ሥር ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ ጌጥ ነው።

ቺፗ ምን እንደምትሠራ ማወቅ ለዛሬው ጉዳያችን ስለሚጠቅም ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያውን ፕሌስቴሽን እንውሰድ። ፋብሪካው ዲስኩን ሲያትም ከመሃሉ አጠገብ፣ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ባለው ክፍል፣ መስመሩ ሆን ተብሎ እንዲወዛወዝ ይደረጋል። በዚያ መወዛወዝ ውስጥ አራት ፊደላት ተደብቀዋል፤ ለጃፓን ገበያ የታተመ ከሆነ ኤስሲኢአይ፣ ለአሜሪካ ኤስሲኢኤ፣ ለአውሮፓ ኤስሲኢኢ። ቤት ውስጥ ያለ ሲዲ መጻፊያ ጌሙን እንዳለ ይገለብጠዋል፤ መወዛወዙን ግን መሥራት አይችልም። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው እነዚያን አራት ፊደላት ነው፤ ካጣቸው አልጫወትም ይላል። ቺፗ ታዲያ ማሽኑ ጆሮ ላይ ተቀምጣ ፊደላቱን ታንሾካሹክለታለች፤ ሥራዋ በቃ ይኸው ነው። በፕሌስቴሽን ቱ ላይ ዘዴው ቢረቅም ሐሳቡ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ቁልፍ የሚዘጋው በር አንድ ብቻ አይደለም፤ ኮፒውን ብቻ ሳይሆን ኦሪጅናሉንም ይዘጋል። ቶኪዮ ሄዳችሁ፣ በገንዘባችሁ፣ ከነደረሰኙ የገዛችሁት ዲስክ አሜሪካ በተሸጠ ማሽን ላይ አይሠራም፤ ፊደላቱ አይገጥሙማ። ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ይህን የዋጋ ልዩነት ፖሊሲ እንለዋለን፤ ለየገበያው የየራሱን ዋጋ ለመቁረጥ መጀመሪያ ገበያዎቹ እንዳይገናኙ ግድግዳ መሥራት ያስፈልጋል። ግድግዳው ግን ሲሸጥልን ስሙ «የኮፒራይት መከላከያ» ነው።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ጥያቄውን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሁለት ማሽን ጌም ቤት ከፍቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ታላቅ ወንድሙ በሦስት ዓመት ውስጥ በየሻንጣው ጥግ እየሸጎጠ ወደ ሃያ የሚጠጉ ኦሪጅናል ዲስኮች ልኮለታል። ችግሩ ጌም ቤት ዲስክ አይበረክትም። ልጆቹ በጣታቸው ይይዙታል፣ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ይደፉታል፣ ሲናደዱም ያው እናንተም ታውቁታላችሁ። አራቱ ዲስኮች ተፍቀው ሞተዋል። «ስማ፣ እነዚህን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ኦሪጅናሉን ቁም ሳጥን ውስጥ ብቆልፍበት ወንጀል ነው እንዴ? የራሴ ዕቃ አይደለም?» አለኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ አዋጅ ማንበብ ግን አይከለከልም። አንብቤ የደረስኩበት እነሆ።

ነገሩ በደንብ የተፈተሸው አሜሪካ ስለሆነ ከዚያ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኮንግረሱ የቅጅ መብት ሕጉን ሲያሻሽል አንቀጽ 117 የሚባለውን አሁን ባለው መልኩ አስገባ። መነሻው ኮንግረሱ ራሱ ያቋቋመው ኮሚሽን በ1978 ያቀረበው ሪፖርት ነው። አንቀጹ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ባለቤት የሆነ ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ ቢሠራ ጥፋት አይደለም ይላል። ሐሳቡ በጊዜው ግልጽ ነበር። ፕሮግራም የሚመጣው በፍሎፒ ዲስክ ነው፤ ፍሎፒ ማግኔት ሲነካው ይጠፋል፤ መቶ ምናምን ዶላር የከፈለ ሰው በአንድ ማግኔት ባዶ እጁን መቅረት የለበትም።

ጌም ፕሮግራም ነው፤ እንግዲያው አለቀ ትላላችሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሰው። ጄኤስ ኤንድ ኤ የተባለ በፖስታ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት «ፕሮም ብላስተር» የሚባል መሣሪያ አወጣ። በአንድ በኩል የአታሪን ካርትሪጅ ትሰካላችሁ፣ በሌላው ባዶውን ትሰካላችሁ፣ ይገለብጣል። ድርጅቱ «እኔ የምሸጠው ለመጠባበቂያ ነው፤ ሕጉ ፈቅዷል» ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኢሊኖይ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ፍርድ ቤቱ እንዳለው አንቀጽ 117 የተጻፈው በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪክ ብልሽት ለሚጠፋ ፕሮግራም ነው። የካርትሪጅ ውስጥ ፕሮግራም ግን ቺፕ ላይ የታተመ ስለሆነ እንዲህ አይጠፋም። ካርትሪጅ እንደማንኛውም ዕቃ ሊሰበር ይችላል፤ ዕቃ ሁሉ ይሰበራል፤ ለተሰበረ ዕቃ ሁሉ ቅጂ ይሠራ ማለት አይቻልም።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1988፣ ቮልት በሚባል የሶፍትዌር ኩባንያና ኳይድ በሚባል ሌላ ኩባንያ መካከል በነበረ ክርክር አምስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ተቃራኒውን አለ፤ ሕጉ ላይ «በኤሌክትሪክ ብልሽት ብቻ» የሚል ቃል የለም፤ እኛ አንጨምርበትም። ይኸኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው፤ የኢሊኖዩ የሥር ፍርድ ቤት ነበር። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ የገዛውን ጌም ለራሱ ቢገለብጥ ሕጉ በአብዛኛው ከጎኑ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ 1998 መጣ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የዲጂታል ዘመን የኮፒራይት ሕግ፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ዲኤምሲኤ የሚባለው፣ አንቀጽ 117ን አልሰረዘውም። መጠባበቂያ የመሥራት መብት ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። አዲሱ ሕግ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ባለመብቱ ሥራውን በቴክኖሎጂ ቁልፍ ከቆለፈው ቁልፉን መስበር ራሱን የቻለ ጥፋት ሆነ። መስበሪያውን መሸጥም እንዲሁ። ለንግድ ብሎ ሆን ብሎ ያደረገው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ዶላር ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል።

እንዴት እንደሆነ በእኛ አነጋገር ልግለጸው። እህሉ የእናንተ ነው፤ ከገበያ ገዝታችሁታል። ለክፉ ቀን አንድ ቁና ዘር ማስቀመጥም ትችላላችሁ፤ ሕጉ ፈቅዶላችኋል። የጎተራው ቁልፍ ግን የሻጩ ነው፤ ቁልፉን ከነካችሁ ትታሰራላችሁ። ታዲያ ዘሩን በምን በኩል ላውጣው? ሕጉ ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ዝምታው በ2004 ፍርድ ቤት ተፈተሸ። 321 ስቱዲዮስ የተባለ ኩባንያ ሰዎች የገዙትን ዲቪዲ ለመጠባበቂያ እንዲገለብጡ የሚያስችል ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። ጉዳዩ የፊልም እንጂ የጌም አልነበረም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። የካሊፎርኒያዋ ዳኛ ውሳኔ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ገዢው ቅጂውን ለራሱ መሥራቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መስበሪያውን መሸጥ ግን ሕገወጥ ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ኒንቴንዶ ደግሞ ቁልፉን ሳይጠቅስም የሚያነሳው ሌላ ክርክር አለው። ለብዙ ጊዜ ሲናገር የኖረው፣ ጌም ፕሮግራም ብቻ አይደለም የሚል ነው፤ ሙዚቃ አለው፣ ሥዕል አለው፣ ታሪክ አለው፤ ስለዚህ ለፕሮግራም የተፈቀደው መጠባበቂያ ለጌም አይሠራም። ስሰማው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ክርክሩ ባዶ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ምክንያቱም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጥር 2014 ላይ ከሚላን በመጣ የኒንቴንዶና የፒሲ ቦክስ ክርክር ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል። የአውሮፓ የሶፍትዌር መመሪያ ከ1991 ጀምሮ መጠባበቂያ የመሥራትን መብት በውል እንኳ መከልከል አይቻልም ይላል። ፍርድ ቤቱ ግን ጌም ከሶፍትዌር በላይ የሆነ ውስብስብ ሥራ ስለሆነ የሰፊው የኮፒራይት መመሪያ የቁልፍ ጥበቃም ይመለከተዋል አለ። አንድ መልካም ነገር ጨምሯል፤ ቁልፉ ኮፒን ከመከላከል አልፎ ሌላ ሕጋዊ አጠቃቀም መዝጋት የለበትም፤ ዳኞች ተመጣጣኝነቱን ይመርምሩ ብሏል።

ደንበኛው ያሸነፈበት አገር የለም ወይ ካላችሁ፣ አንድ አለ፤ ለጥቂት ጊዜ። ሲድኒ ውስጥ ቺፕ የሚያስገባ ስቲቨንስ የተባለ ሰው በሶኒ ተከሶ እስከ አውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ በጥቅምት 2005 ረታ። መጀመሪያ ላይ ያወራኋችሁ የአራቱ ፊደላት ነገር ነው የረዳው። ዳኞቹ ያሉት፣ ፊደላቱ ኮፒ ማድረግን አይከለክሉም፤ ኮፒውን ማንም ቤቱ ተቀምጦ ያደርገዋል። ፊደላቱ የሚከለክሉት የተገለበጠው ዲስክ እንዲሠራ ነው። ስለዚህ በጊዜው በነበረው ሕግ ትርጉም የኮፒራይት ጥሰት መከላከያ አይባሉም። በጣም ጥርት ያለ አስተሳሰብ ነው። አውስትራሊያ ግን በዚያው 2005 መጀመሪያ ሥራ ላይ ከዋለ የንግድ ስምምነት ጋር ለአሜሪካ ቃል የገባችው ነገር ስለነበር በ2006 ሕጉን ቀየረችው። ፍርድ ቤት የከፈተውን የንግድ ስምምነት ዘጋው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ያስፈልገናል።

ግለሰብ ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ዲስክ ገልብጦ ይታሰራል ወይ? ኩባንያዎቹ የሚያሳድዱት መሣሪያ ሻጩን ነው። አንድን ልጅ መኝታ ቤቱ ድረስ ሄዶ መክሰስ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ጋሪ ቦውዘር የተባለው ካናዳዊ፣ የኒንቴንዶ ስዊችን ቁልፍ የሚሰብሩ መሣሪያዎች ይሸጥ ከነበረው ቲም ኤክስኪዩተር ከተባለ ቡድን ጋር በመሥራቱ የካቲት 2022 ላይ 40 ወር ተፈረደበት፤ ከዚያም ላይ የሚሊዮኖች ዶላር ዕዳ አለበት። ስዊችን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ዩዙ የተባለ ፕሮግራም የሠሩት ደግሞ በመጋቢት 2024 ለኒንቴንዶ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ሥራቸውን ዘጉ። ያም ሆኖ ውጤቱ ግለሰቡ ላይ መድረሱ አይቀርም። መሣሪያው ከገበያ ከጠፋ አንቀጽ 117 የሰጠው መብት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሌላም ጉድ አለ። አንቀጽ 117 የሚናገረው ስለ ቅጂው «ባለቤት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በሁለት ውሳኔዎች፣ አንዱ በአውቶዴስክ ሶፍትዌር ሌላው በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጌም ጉዳይ፣ ስትጭኑት «እስማማለሁ» የምትሉት ውል በበቂ ሁኔታ ጥብቅ ከሆነ እናንተ ባለቤት ሳትሆኑ ፈቃድ የተሰጣችሁ ተጠቃሚ ናችሁ አለ። ባለቤት ካልሆናችሁ ደግሞ 117 አይመለከታችሁም። «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ፣ ገንዘቡ ከካርዳችሁ ሄዶ፣ የገዛችሁት ነገር ግን የለም። ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችውና ከጥር 2025 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት እንዳልሆነ በግልጽ ሳይነገር ዲጂታል ዕቃ ላይ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጻፍ ከልክላለች። ቢያንስ ቃሉ ታረመ፤ ዋጋው ግን ባለበት ነው።

አሁን ወደ ቤት። የእኛ አገር ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ብዙ ሰው ይህን አዋጅ የሚያውቀው በዘፈን ስርቆት ክርክር ነው። አንቀጽ 9 ማንም ግለሰብ ለግሉ ብቻ የታተመ ሥራን አንድ ቅጂ ቢገለብጥ ባለመብቱ መከልከል አይችልም ይላል፤ ከዚያ የማይመለከታቸውን ይዘረዝራል፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ከነሱ አንዱ ነው። እዚህ ላይ አንብቦ ያቆመ ሰው «ጌም አይቻልም» ብሎ ይሄዳል። ግን አንቀጽ 14 አለ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት የሆነ ሰው፣ ለመጠባበቂያ ወይም የያዘው ቅጂ ቢጠፋ፣ ቢወድም ወይም ከአገልግሎት ውጭ ቢሆን ለመተካት አስፈላጊ ከሆነ አንድ ቅጂ መሥራት ይችላል። አንድ! ሁለት አይደለም። ይዞታው ሕጋዊ መሆኑ ሲያበቃ ደግሞ ቅጂው መጥፋት አለበት።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሳነብለት ፊቱ ፈካ። ተፍቆ የሞተው ዲስኩ «ከአገልግሎት ውጭ የሆነ» ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በተጨማሪም አንቀጽ 9 ላይ እንዳለው «ለግል ብቻ» የሚለው ቃል አንቀጽ 14 ላይ የለም፤ የሚጠይቀው ሕጋዊ ባለቤት መሆንን ነው። ግን ቀጥዬ ያልኩት ብዙም አላስደሰተውም። መጠባበቂያው ዋናውን የሚተካ እንጂ የሚያባዛ አይደለም። አንዱን ዲስክ ገልብጦ በሁለቱም ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ካጫወተ፣ መጠባበቂያ መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ጌም ሆነ። ከዚህም ሌላ ዲስክ መግዛትና በዚያ ዲስክ ከሕዝብ ገንዘብ እየተቀበሉ ማጫወት በሕግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንቀጽ 14 የሚፈታው የመገልበጡን ጥያቄ ብቻ ነው።

የከተማችን ትልቁ ችግር ግን ከዚህም በፊት ያለ ነው። መጠባበቂያ ለመሥራት መጀመሪያ የሚጠበቅ ነገር መኖር አለበት። የአክስቴ ልጅ ሃያ ኦሪጅናል ስላለው ነው ጥያቄው ትርጉም የሰጠው። ያደግንባቸው ጌም ቤቶች፣ በጨዋታ ሁለት ብር እየከፈልን ጆይስቲክ የተሻማንባቸው፣ አንድም ኦሪጅናል አልነበራቸውም። የኮፒ ኮፒ ነበር ያለው፤ በኋላ ላይ ዲስኩም ቀርቶ «ጌም ጫንልኝ» ተብሎ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ይዞ መሄድ መጣ። ያንን «ባክአፕ» ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

ይህን ስል ግን ሰዉን ሌባ እያልኩ አይደለም፤ ሒሳቡን እንየው። አዲስ ጌም ዛሬ በአሜሪካ 70 ዶላር ገደማ ነው። የብር የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና ጌሙ 4,000 ብር አካባቢ ይመጣል። ዶላር 100 ብርን ካለፈ በኋላ ያው ጌም፣ አንድ ፊደል ሳይቀየርበት፣ ከ7,000 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ኪስ ያለው የባንክ ካርድ ውጭ ያለ ዲጂታል ሱቅ ላይ እንደልብ አይከፍልም፤ ሱቆቹም ኢትዮጵያን ከአገራት ዝርዝራቸው ውስጥ ሁልጊዜ አያስገቡም። ሻጩ በር ሳይከፍት ገዢውን «ለምን በመስኮት ገባህ» ማለት አለ። መስኮቱ ትክክል ነው አላልኩም፤ በሩም ይታይ ነው።

አንድ በጣም የሚያስገርም ነገርም አለ። አዋጅ 410 በአንቀጽ 3 ጥበቃ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ለኢትዮጵያዊ ወይም ዋና መኖሪያው እዚህ ለሆነ ሠሪ፣ መጀመሪያ እዚህ ለወጣ ወይም ውጭ ወጥቶ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም ለወጣ ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት ስምምነት ለሚሸፈን። ኢትዮጵያ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዋናውን ዓለም አቀፍ የኮፒራይት ስምምነት፣ የበርንን፣ ሳትቀላቀል ነው የኖረችው። ትርጉሙ ቀላል ነው። በእነዚያ የልጅነት ዓመታቶቻችን ውጭ ተሠርቶ ውጭ የታተመ ፊፋ ወይም ፒኢኤስ፣ በአዋጁ ቃል ስንሄድ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥበቃ ማግኘቱ ራሱ ያጠራጥር ነበር። ቅጅ ቤቱ «ወንጀለኛ» ይባል እንጂ በየትኛው አንቀጽ የሚለው ቀላል ጥያቄ አልነበረም። በአንጻሩ ቅኔ ጌምስ የሚባሉት የአዲስ አበባ ልጆች የሠሩት «ኩኩሉ»፣ ያች የምትሮጠው ዶሮ ያለችበት የስልክ ጌም፣ ሙሉ ጥበቃ አላት። እሷን አባዝቶ ሆን ብሎ የሸጠ ሰው በአንቀጽ 36 ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ከአሜሪካው ቅጣት ይከብዳል።

ይህ ሁኔታ እንዳለ አይቆይም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጅ እየጠናች ነው። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አባል አገራት የበርንን ዋና ዋና አንቀጾች እንዲያከብሩ ያስገድዳል። አባልነቱ ሲጸድቅ የውጭው ጌም ሁሉ እዚህ ጥበቃ ያገኛል፤ ማግኘትም አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ከጥበቃው ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። አውስትራሊያን አስታውሱ። በድርድር ጠረጴዛ ላይ ስለ ቡናና ስለ ቆዳ፣ ስለ ባንክና ስለ ቴሌኮም ሲወራ፣ «የቴክኖሎጂ ቁልፍ መስበር ወንጀል ይሁን» የምትል አንዲት መስመር ሳትታይ ልትገባ ትችላለች። ስትገባ አንቀጽ 14 ያለ ልዩ መግለጫ ከተተወ የአሜሪካው የጎተራ ታሪክ እኛም ቤት ይደገማል። ሕግ አርቃቂው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ይበቃ ነበር፤ በአንቀጽ 14 መሠረት ቅጂ ለሚሠራ ሕጋዊ ባለቤት ቁልፍ መክፈት አይከለከልም የሚል። ሰዎች ይህን ጥያቄ አሁን ካላነሱት ከፊርማ በኋላ ማንሳት ዋጋ የለውም።

«ለጌም ይህን ያህል?» የሚል አይጠፋም። ለጌም ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ጌሙ ላይ ያለው ጥያቄ ነገ የትምህርት ሶፍትዌሩ ላይ፣ የትራክተሩ ኮምፒውተር ላይ አለ። ለጌም ብቻ ብንለው እንኳ ትንሽ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ኒንቴንዶ የስሪዲኤስንና የዊ ዩን ዲጂታል ሱቅ መጋቢት 2023 ላይ ዘግቷል። ኮናሚ ፒ.ቲ. የተባለውን አጭር አስፈሪ ጌም ነሐሴ 2014 በነጻ ለቅቆ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ አነሳው፤ ከዚያ በኋላ ጌሙ ያለባቸው ማሽኖች ራሳቸው በውድ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር መጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ ሲያጠፋ፣ ዲስኩን ገዝተው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት ሰዎች የቀራቸው ላስቲክ ነው። እንዲህ ላለው ጌም መጠባበቂያ ቅጂ እንኳ አይረዳም፤ ግማሹ ያለው ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነውና።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ትንሽ ቀዳዳ ትቷል። የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት በየሦስት ዓመቱ «እዚህ ላይ ቁልፍ መስበር ይፈቀድ» የሚላቸውን ጉዳዮች ይዘረዝራል። ከ2015 ጀምሮ ሰርቨሩ የተዘጋበትን ጌም ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ እንዲያስነሳው፣ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍትም እንዲያቆዩት ተፈቅዷል። በጥቅምት 2024 ግን ተመራማሪዎች እነዚህን ጌሞች ከሩቅ ሆነው እንዲያዩ የቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። መጽሐፍ በስካን ከሩቅ ይነበባል፤ ጌሙን ለማየት ግን አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የነገርኩት እንዲህ ነው። ኦሪጅናሉን ቆልፈህ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ሠርተህ፣ አንዱን ቅጂ በአንድ ማሽን ላይ ተጠቀም። ወንድምህ የላከበትን ደረሰኝ ካለው በስልክም ቢሆን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፤ ሕጋዊ ባለቤት መሆንህን የምታሳየው በእሱ ነው። የተፋቁትን አራቱንም እንዳትጥላቸው። ስለ ማጫወቱ ጉዳይ ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ በጽሑፍ ጠይቅ። «እሺ፣ ጌሞቹ ሲሰለቹኝስ ኦሪጅናሉን ሸጬ ኮፒውን ላስቀር?» አለኝ። አይሆንም። አሜሪካም ብትሄድ ቅጂው ከዋናው ጋር አብሮ ይሄዳል ወይም ይጠፋል፤ የአውሮፓው ፍርድ ቤትም በ2016 በላትቪያ ጉዳይ፣ ዋናው ዲስክ ተበላሽቶብኛል ብሎ እንኳ መጠባበቂያውን ለሌላ መሸጥ እንደማይቻል ወስኗል። እኛም ጋ አንቀጽ 14 ያው ነው። «እንግዲያው አልሸጥም» አለና ዲስኮቹን በቴምር ካርቶን ውስጥ መደርደር ጀመረ።